ዶዘሩ ዝም እስኪል

ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል፣ እግር ያለው ከዶዘሩ ፊት ዞር ይበል፤ ወሬዬ መጥቷል። ማንጠግቦሽ የምትባል የጥንት ቅርስ አጥኚ ነበረች። ባቡር ሊያልፍ በታሰበበት ሁሉ እሷ ቀድማ በእግሯ ታልፋለች፤ ከሐዲዱ ሥር እንዳይቀር የምትፈራውን ትፈልጋለች። ሰንበሌጥ ሜዳ ላይ በክብ በክብ የተደረደሩ ድንጋዮች አገኘች፤ የጥንት ሰዎች መቃብር ነው። የፈለገችው አንዲት ነገር ብቻ ነበር፤ ዶዘሩ መቃብሩ ላይ እንዳይወጣ። ዶዘሩ ግን ግራሩን አልፎ እየመጣ ነው።

ሮጣ ሾፌሩን ከድርን ለመነችው። «ወንድሜ፣ በፈጠረህ አዙርልኝ!»

«እኔ ምን ሥልጣን አለኝ እህቴ? ችካል ነው የምከተለው» አለ ከላይ ሆኖ እየጮኸ። ችካሉ ካልተነቀለ ዶዘሩ አይዞርም።

ችካሉን የተከለው ቀያሹ ኢንጂነር መላኩ ነው። «ነቅዬ የት ልትከለው? መቃብሩ እስከ የት እንደሚደርስ ቆፍረሽ አሳዪኝ» አላት። አልዋሸም፤ የመቃብሩ ዳር ከመስመሩ ወጥቶ ማሽላ ውስጥ ገብቷል። እንግዲህ ጉድጓዱ ካልተቆፈረ ችካሉ አይነቀልም፤ ችካሉ ካልተነቀለ ዶዘሩ አይዞርም። ዶዘሩም ኩይሳውን ደርምሶ አለፈ።

ዶማዋን ይዛ ማሽላው ውስጥ ገባች። ባለማሳዋ እትዬ ዘነቡ ወንጭፋቸውን እንደያዙ ከማማው ወረዱ። «በደረሰ ማሽላ መሀል ጉድጓድ? ምን ጉድ ነው የመጣብኝ! መጀመሪያ ይታጨድ፣ ከዚያ ያሻሽን ቆፍሪ።» ማሽላው ካልታጨደ ጉድጓዱ አይቆፈርም፤ ጉድጓዱ ካልተቆፈረ ችካሉ አይነቀልም፤ ችካሉ ካልተነቀለ ዶዘሩ አይዞርም።

«ታዲያ ለምን አይታጨድም?» አለች ልታለቅስ ምንም ሳይቀራት።

«ደቦው ተጎልቶ ማን ይጨደው?»

እውነትም የደቦው ሰዎች ማጭዳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። «በሞቴ ተነሱልኝ!» ብትላቸው ተሳሳቁባት። «ዘፈን ሳይወጣ ማጭድ ይነሳል እንዴ? እንዲህ ያለ ነውር እኛ አገር የለም።» ዘፈኑ ካልወጣ ማጭዱ አይነሳም፤ ማጭዱ ካልተነሳ ማሽላው አይታጨድም፤ ማሽላው ካልታጨደ ጉድጓዱ አይቆፈርም፤ ጉድጓዱ ካልተቆፈረ ችካሉ አይነቀልም፤ ችካሉ ካልተነቀለ ዶዘሩ አይዞርም። የዶዘሩ አቧራ አሁን እሷ ዘንድ ደርሷል።

ዘፈን አውጪው ጋሽ እንድሪስ ጀርባቸውን ሰጥተው አኩርፈዋል። «አባቴ፣ እባክዎ ያውጡ!»

«ማን ሊሰማኝ? ያ ብረት እያጓራ እኔ ምን ብዬ ላውጣ? እሱ ዝም ሲል አወጣለሁ።»

በሉ ቁጠሩልኝ! ዶዘሩ ዝም ካላለ ዘፈኑ አይወጣም፤ ዘፈኑ ካልወጣ ማጭዱ አይነሳም፤ ማጭዱ ካልተነሳ ማሽላው አይታጨድም፤ ማሽላው ካልታጨደ ጉድጓዱ አይቆፈርም፤ ጉድጓዱ ካልተቆፈረ ችካሉ አይነቀልም፤ ችካሉ ካልተነቀለ ዶዘሩ አይዞርም። ዞራ ዞራ ያው ዶዘሩ ዘንድ! የዶዘሩ ምላጭ የመጀመሪያውን ድንጋይ ሊነካ ነው። ማንጠግቦሽ ሮጠች።

«ከድር! አዙር አልልህም፤ ሞተሩን ብቻ አጥፋልኝ!»

«ማጥፋት ነው እንዴ? ምነው ቀድመሽ እንዲህ ብትይ! ማዞር እንጂ ማጥፋትማ ማን ከልክሎኝ? የዙህር ሶላትም ደርሷል።»

አጠፋው። ከጋሽ እንድሪስ ጎን ቆሞ ሰገደ። ሲነሱ ቁልፉን ኪሱ ከተተና «አባባ፣ ያውጡ። እኔም የማሽላ አጫጅ ልጅ ነኝ» ብሎ ማጭድ ለመነ።

ዶዘሩ ዝም አለ፣ ዘፈኑ ወጣ፤ ዘፈኑ ወጣ፣ ማጭዱ ተነሳ፤ ማጭዱ ተነሳ፣ ማሽላው ታጨደ፤ ማሽላው ታጨደ፣ ጉድጓዱ ተቆፈረ።

ጉድጓዱ ውስጥ ጉልበቱን አጥፎ የተኛ የሕፃን አጽም ነበረ፤ አንገቱ ላይ ጨሌ አለው። እትዬ ዘነቡ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተንበረከኩ። «እኔን ልጄ! ስንት ዘመን በላይህ ላይ አሳረስኩ!»

ኢንጂነሩ ሄዶ ችካሉን ነቀለ፣ ከመቃብሩ ማዶ ወስዶ ተከለ።

ከድር ዶዘሩ ላይ ወጣ። ቁልፉን ግን አላዞረም፤ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ማንጠግቦሽን ተጣራ።

«እህቴ፣ ላስነሳው? ሕፃኑን አይረብሸውም?»

«አስነሳው» አለች እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ግን ቀስ ብለህ።»

ቀስ ብሎ አስነሳው። ዶዘሩም ዞረ።