ባዝራዋ ጠዋት ጠዋት የምታየው

አንድ ፈረስ አርቢ ሰው ነበረ። ጥያቄህን የረሳሁ እንዳይመስልህ፣ ይርጋ። ሚስትህ ትዋብ አርግዛ ሳለ የምትውጠው የድባቴ መድኃኒት የልጁን ጠባይ ያበላሽ እንደሆነ ነው የጠየቅኸኝ፤ ለልጁ ብለህ ኪኒኑን ነጥቀህ መጣልህንም ነግረኸኛል። እሱን ስትለኝ ክው ነው ያልሁት። አሁን ቁጭ በልና የነፍስ አባትህን አድምጠኝ።

ይህ ሰው ዕድሜ ልኩን የሚመኘው አንድ ነገር ነበር፤ በጥምቀት ጉግስ አገር የሚያወራለት ፈረስ ከገዛ በረቱ እንዲወጣ። አንዲት ባዝራ ነበረችው፤ እሷ ስታረግዝለት ደስታው ወሰን አጣ። በዚያ አገር ደግሞ፣ እናቲቱ አርግዛ ሳለ ጩኸት ከሰማች ውርንጫው ሆድ ውስጥ እያለ ይለምደዋል፣ ሲወለድ ሆታም ተኩስም አያስደነግጠውም ይባል ነበር። ሰውዬው ታዲያ በየማለዳው በረቱ በር ላይ ቆሞ ጅራፉን ያጮኸዋል። አንድ ቀን እንኳ አልመታትም፤ እንዲያውም ምርጥ ምርጡን ገብስ የሚያበላት እሱ ነው። ይወዳታል።

ባዝራዋ ግን መብላት ተወች። ጎኗ ገባ፤ ቆማ ትንቀጠቀጣለች። የከብት ሐኪም ተጠራ፤ ጽኑ ጭንቀት ይዟታል ብሎ የሚያረጋጋ መድኃኒት ሰጣት። ቀስ በቀስ ገብሱን መቅመስ ጀመረች፤ በጊዜዋም ወለደች።

የተወለደው ውርንጫ ግን ሌላ ጉድ ሆነ። ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ይበረግጋል፤ ሰው ሲቀርበው አጥር ጥሶ ይሮጣል። ጎረቤቱ ሁሉ፣ የጉግሱን ፈረስ እስቲ አሳየን እያለ ያሾፍበት ጀመር። ሰውዬው አንጀቱ አረረ። ያበላሸብኝ መድኃኒቱ ነው አለና ሐኪሙ ላይ ቂም ያዘ።

ባዝራዋ ደግማ አረገዘች፤ እሱም በየማለዳው ጅራፉን ማጮኹን ቀጠለ፤ ደግማም መብላት አቆመች። አሁንስ ከበፊቱ ባሰባት። መድኃኒቱን ካልወሰደች እሷም ጽንሱም አይተርፉም አለ ሐኪሙ። ሰውዬው አሻፈረኝ አለ። በዚያም አላበቃም፤ ውርንጫዬን አበላሽቶብኛል ብሎ ሐኪሙን ሽማግሌ ፊት አቆመው፤ ባዝራዋንና ውርንጫውንም ለማስረጃ እየጎተተ አመጣ።

ሐኪሙ አልካደም። መድኃኒቱ የራሱ ነገር ሊኖረው ይችላል፣ ውርንጫው በተወለደ ሰሞን ፈዘዝ ማለቱን እኔም አይቻለሁ፣ ከዚያ ያለፈውን ግን አላውቅም አለ። ባልሰጣት ኖሮ ደግሞ ዛሬ እዚህ አትቆምም ነበር አለ። ሽማግሌዎቹ ግራ ተጋቡ። በመጨረሻ አንደኛው ወደ ሰውዬው ዞረው ጠየቁት።

«ልጄ፣ ይቺ እንስሳ ጠዋት ጠዋት ምን ታያለች?»

ሰውዬው ኮራ ብሎ ተነሣ። እንዴት እንደሚያለማምዳት ሊያሳያቸው ጅራፉን ከትከሻው አወረደና ወደ ላይ አነሣው። ገና አላጮኸውም።  ባዝራዋ ከነሆዷ መሬት ላይ ተዘረጋች፤ ላብ አጠመቃት፤ ሽንቷ አመለጣት። ውርንጫውም ከወደቀችው እናቱ ጎን ተለጥፎ መላ አካሉ ይርገበገብ ጀመር።

 ሰውዬው ክንዱ እንደተሰቀለ ደርቆ ቀረ። ባዝራዋ ዓይኗን ተክላ የምታየው ሐኪሙን አልነበረም፤ እሱን ነው። ገብስ የሚያበላትን፣ በስሟ የሚጠራትን እሱን።  ጅራፉን ጥሎ ሊደባብሳት ቢጠጋ ይባስ ተንፈራፈረች፤ ወደ ኋላ ሸሸ።

«እኔ ነኝ እንዴ?» አለ።

 ከዚያም ሐኪሙን፣ እባክህ ስጣት፣ እኔ ዞር ልበልላት ብሎ ለመነው።

ይርጋ፣ የነፍስ አባትህ ነኝና ላባብልህ አልችልም፤ ያ ሰው አንተን ይመስላል። ስለ መድኃኒቱ መጠየቅህ ጥፋት አይደለም። ልጁ ላይ አንዳች ነገር ያደርግ እንደሆነ፣ ሳትወስድ ብትቀርስ የትኛው እንደሚብስ፣ መዝኖ የሚነግራችሁ ሐኪሟ ነው እንጂ እኔም አንተም አይደለንም። ሳይጠይቁ በድንገት ማቋረጥ ግን አደጋ አለው። ዛሬውኑ አብረሃት ሂድና ያደረግኸውን ራስህ ለሐኪሙ ተናገር።

አንድ ነገር ግን ሳትጠይቀኝ ቀረህ። የእናት ጭንቀትም ወደ ልጁ ይደርሳል፤ እሷን ለጭንቀት ያበቃት ምንድን ነው? እሁድ ዕለት ቤትህ መጥቼ ነበር። በሩን ባንኳኳ የያዘችው ሳህን ከእጇ ወድቆ ሲሰበር ሰማሁ። ከፍታ ስታየኝ ግድግዳውን ተደግፋ እፎይ አለች። ምነው ልጄ ብላት፣ «እሱ መስሎኝ ነው» አለችኝ።