ጨዋዋ አህያና የአያ ጅቦ ወፍጮ

«እማዬ፣ ሆቴሉ ለወጥ ሥራሽ ስንት ሊከፍልሽ ነው?» አለችኝ ልጄ ትርሲት፣ አዲሱን ሥራ ልጀምር አንድ ቀን ሲቀረኝ።

«ባለቤቱ ደህና ሰው ይመስላሉ፤ እሳቸው ያውቃሉ» አልኳት።

«ሳትጠይቂያቸው በምን ያውቃሉ?»

እኔም ተረት አመጣሁላት።

አንድ ጊዜ አያ ጅቦ ወፍጮ ቤት ከፈተ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበርና ሥጋ እርም ብያለሁ ይላል፤ ልብን የሚያውቅ እግዜር ነው። እህል የምታመላልስለት ሲፈልግ፣ ደላላው ቀበሮ አንዲት አህያ ይዞለት መጣ። አህያዋ ክረምት ሳይገባ ለውርንጭላዋ ገብስ ማጠራቀም ነበረባት።

«አደራሽን፣ ደመወዝ እንዳታነሺ፤ ነውር ነው» አላት ቀበሮ በመንገድ ላይ። ስለ ነውርማ ከቀበሮ በላይ ማን ያውቃል!

«ስንት ልስጥሽ?» አለ አያ ጅቦ።

አህያዋ አንገቷን ደፍታ፣ «እርስዎ ያውቃሉ፣ ጌታዬ» አለች።

«እኔማ አላውቅም! ለዚህ አይደል የምጠይቅሽ?»

«ያውቃሉ እንጂ!» ብሎ ቀበሮ ዘሎ ገባ። «ለእንዲህ ያለች ጨዋ በቀን አንድ እፍኝ ፉርሽካ ይበቃታል። ምስጋናም ይጨምሩላት።»

ምስጋናውን በየቀኑ አገኘች። ፉርሽካው አንዳንዴ ይረሳል።

በወሩ ሥራው በዛና በቅሎ ተጠራች። ሊጭኗት ሲሉ አራት እግሯን ተክላ፣ «መጀመሪያ፣ ስንት ነው?» አለች።

«ኧረ በቅሎዬ፣ ነውር ነው!» አላት ቀበሮ።

«እንግዲያው ጭነቱን አንተ ተሸከመው፣ ጨዋው!»

አያ ጅቦ ሳያንገራግር፣ «በሳምንት ሦስት ቁና ገብስ» አለ። «ለአህያዋም ያስቀመጥኩት ይኸንኑ ነበር። ጠያቂ ሲያጣ ከቀበሮ ጋር ተካፍለን በላነው፤ ጾም አይደል?»

ቀበሮን ሳል ያዘው።

የአህያዋ ጆሮ ቆመ። «ታዲያ ለእኔም ሦስት ቁና ይሁንልኝ፣ ጌታዬ!»

«አንቺማ በፉርሽካ ተስማምተሻል» አለ አያ ጅቦ።

«ያን የመሰለ ጨዋነትሽን አሁን ልታበላሺው?» አላት ቀበሮ፣ ሳሉ ሲለቀው።

ውርንጭላዋም ክረምቱን የእናቱን ጨዋነት እየጋጠ ከረመ።

ከዚህ የምንማረው፣ ዋጋ የሚጠየቀው ጭነቱ ጀርባ ላይ ሳይወጣ መሆኑን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ወደ ሆቴሉ ሄድኩ። ባለቤቱ ሽርጥ አቀበሉኝ። በእጄ እንደያዝኩት፣ «ጋሼ፣ ሳልታጠቀው አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አልኳቸው፤ «ስንት ነው?»