አምስተኛው የመሠረት ድንጋይ

አቶ ዋሲሁን ለክልሉ ምክር ቤት አራት ጊዜ ተመርጠዋል። በየምርጫው ዋዜማ ወደ ትውልድ ቀበሌያቸው ብቅ ይሉና በዱልባ ወንዝ ዳር የድልድይ መሠረት ድንጋይ ያስቀምጣሉ። ምርጫው ካለፈ በኋላ ድልድዩም አይታይ፣ እሳቸውም አይታዩ። ስማቸው የተቀረጸባቸው አራት ድንጋዮች ግን ሥራ አልፈቱም፤ የመንደሩ ሴቶች ልብስ ያጥቡባቸዋል።

ዘንድሮም አምስተኛውን ይዘው መጡ። ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ። ከሕዝቡ መሀል አንዲት ሸክላ ሠሪ ባልቴት ብቻ እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። ባለፈው ክረምት ወንዙ አህያቸውን ከነእንስራው ስለወሰደባቸው ለማጨብጨብ ልባቸው እምቢ አለ።

አቶ ዋሲሁን አዩዋቸው። "ምነው እማማ? ሃያ ዓመት ሙሉ ምንም አልሠራም ነው የሚሉት?" አሉና ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር ዞረው፣ "አልሠራም የሚል ካለ እዚሁ ሕዝብ ፊት ይናገር፣ ስሙም ይመዝገብ!" ሲሉ አዘዙ። ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን አወጣ።

ባልቴቷ ነጠላቸውን አስተካክለው እጅ ነሡ።

"ኧረ አፌን ቁርጥ ያርገው፣ የኔ ጌታ! ሥራውማ እየሄደ ነው። በየምርጫው አንድ ድንጋይ እያሉ ይኸው አምስት አደረሱልን። ማዶ ለመድረስ ቢቀረን ሰባት ነው። እግዜር ሠላሳ አምስት ዓመት ይጨምርልዎ እንጂ እኛ ሰባቴ እንመርጥዎታለን፤ ከዚያ በድንጋዮቹ ላይ እየተረማመድን እንሻገራለን። ብቻ እባክዎ፣ የዛሬውን ወደ ውሃው ገባ አድርገው ያስቀምጡልን፤ ዳር ዳሩን እኮ ጨርሰውታል።"