ለሁለት የሚነሳው መዝጊያ

አንድ የውሃ አባት ነበረ። ልጄ ውባለም፣ ትናንት አባትሽ ድንጋይ ተሸክሞ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲንበረከክ አይተሽ፣ «የእድር ዳኛ ሆኖ በሰው ፊት እንዲህ መውደቁ ውርደት አይደለም ወይ?» ያልሽኝን አልረሳሁትም። መልሱ ከዚህ የውሃ አባት ዘንድ ነውና ታገሺኝ።

የውሃ አባት ማለት በዚያ አገር የመስኖውን ተራ የሚሰጥ ሰው ነው። ምንጩ አንድ፣ መንደሩ ሁለት፤ እሱ ዝጉ ሲል ይዘጋል፣ ክፈቱ ሲል ይከፈታል። አባቱም አያቱም በዚያው ሹመት ኖረዋል። ውሃው የሚጠራቀምበት ክትር የወይራ ግንድ መዝጊያ ነበረው፤ ከባድ ነው፣ ለሁለት ካልሆነ አይነሳም። ሰውየው ፍርዱ ቀና፣ እጁም ንጹህ ስለነበረ ሕዝቡ ያከብረው ነበር። አንድ ነገር ብቻ ነበረበት፤ «ተሳስቻለሁ» የምትል ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም።

በበዓል ሰው ሥራ ስለማይሠራ የውሃ ተራ አይቆጠርም፤ የዚያ ቀን ባለተራ ወደ ማግስቱ ይተላለፋል። ታዲያ አንድ ዓመት የውሃ አባቱ ጥምቀትን ዘለለና ቃና ዘገሊላን መዝለሉን ረሳ። ተራው ሁሉ በአንድ ቀን ተዛነፈ። ከታችኛው መንደር አንድ ገበሬ ግን በትክክል ቆጥሮ፣ በቀኑ ከሚስቱ ጋር መዝጊያውን አንስቶ ሽንኩርቱን አጠጣ።

የውሃ አባቱ በሕዝብ ፊት አስጠራው።

«ያለ ተራህ ውሃ ሰረቅህ።»

«ጌታዬ፣ ቃናም እኮ በዓል ነው። ቢዘሉት ተራዬ ነበር።»

«አንተ ነህ ቀን የምታስቆጥረኝ?»

ሰው ሳቀ። የሳቁት በገበሬው ይሁን በእሱ አልለየለትም፤ ፊቱ ጋለ። ብድግ ብሎ፣ «ይህ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ደጄ ሳይወድቅ ወደ ታች ውሃ ብለቅ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ!» ሲል ማለ።

ገበሬው፣ «ባላጠፋሁት ድንጋይ አልሸከምም» ብሎ ሄደ። ክትሩ ተዘጋ፤ ሁለት ዘበኞች ቆሙበት።

የውሃ አባቱ ቤቱ ገብቶ በጣቱ ቆጠረ። ጥምቀት፣ ቃና... ደግሞ ቆጠረ። ገበሬው ልክ ነበር።

«እኔም ቆጥሬዋለሁ» አለችው ሚስቱ ቀስ ብላ። «ጠርተህ ይቅር በለኝ በለው። ምን አለበት?»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰውማ ሁለት ቀን ያወራል፤ በሦስተኛው ሌላ ወሬ ያገኛል።»

«አንቺ ምን አለብሽ!» ብሎ ወጣ። ደጅ የቆዩት ወዳጆቹ፣ «እንዲያ ነው ወንድ! የእርስዎ ቃልና ጥይት ከወጣ አይመለስም» አሉት። ልቡ ሚስቱን ሰምቶ ነበር፤ እግሩ ግን ከወዳጆቹ ጋር ሄደ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። የታችኛው መንደር ሽንኩርት ቢጫ ሆነ፤ ሴቶች ውሃ ከሩቅ በጀርባቸው አመላለሱ። ከዚያ ባልተጠበቀ ወር፣ ከምንጩ በላይ ዝናብ ጣለ። ክትሩ እስከ አፉ ሞልቶ ግድቡ ያንጠባጥብ ጀመር።

ያን ጊዜ የውሃ አባቱ ልቡ ራራ። መክፈቱን ፈለገ፤ ሲከፍት መታየቱን ግን ፈራ። እሁድ ጠዋት ዘበኞቹን፣ «ሂዱ፣ አስቀድሱ» ብሎ ሰደዳቸው። ሕዝቡ ቅዳሴ ላይ ሳለ ብቻውን ወርዶ መዝጊያውን ጨበጠ። ወይራው ውሃ ጠጥቶ አብጧል። ለሁለት የሚነሳውን ለብቻው ታገለው። ያ ገበሬ በዚያ ጠዋት የታመመች ላሙን ሊጠብቅ ቤቱ ቀርቶ ነበር፤ ቢጠራው ይሰማው ነበር። አልተጣራም።

ግድቡ በላዩ ተደረመሰ። ገበሬው የግድቡን ድምፅ ሰምቶ እየሮጠ መጣ፤ ከነልብሱ ገብቶ ጎትቶ ሲያወጣው ነፍሱ አልነበረችም። መዳፎቹ ተልጠዋል። ገበሬው መዳፎቹን ሲያይ፣ ሰውየው ምን ሊያደርግ እንደመጣ ገባው። «ምነው ቢጠሩኝ! ጌታዬ፣ ምነው ቢጠሩኝ!» እያለ አለቀሰ።

እንግዲህ ልጄ፣ አባትሽም እንዲህ ያለ መዝጊያ ተጭኖት ነበር። ጋሽ ይመኑን ባልሠሩት ጥፋት በእድሩ ፊት ካዋረዳቸው በኋላ እውነቱን ሲያውቅ፣ ስንት ቀን እህል እንዳልቀመሰ እኔ ነኝ የማውቀው። «በስውር ልሂድና ልለምናቸው?» ይለኝ ነበር። እኔም ይህን የውሃ አባት አስቤ፣ «በሰው ፊት የበደልከውን በሰው ፊት ካስ» አልኩት።

አንቺ ትናንት የሳቁትን አየሽ። ነበሩ፤ አልክድሽም። እኔ ያየሁት ጋሽ ይመኑ «ይቅር ለእግዚአብሔር!» ብለው ሮጠው መጥተው፣ የድንጋዩን አንድ ወገን ሲይዙለት ነው። ሌላውን ወገን አባትሽ ያዘ። ለሁለት አወረዱት። ከዚያ በእግሩ ቤቱ መጣ፤ ገና ከደጅ፣ «ራበኝ» አለኝ። እህሉን ሳቀርብለት እንባዬ ሰሃኑ ላይ እንዳይወርድ ፊቴን አዞርኩ። ተመስገን ጌታዬ፤ ባሌን በቁሙ መለስክልኝ።

የፈለገ ውርደት ይበለው። በይ ተነሺ፣ ለአባትሽ የእግር ውሃ አሙቂለት።