ምስር የሚተፋው ጠመንጃ

አንድ ይግረም የሚባል የአዳኞች አለቃ ነበር። ደብሪቱን በሰው ፊት ያዋረዳት እሱ ነው። ስሙ ከፊት ይቀመጥ፤ ሥራው ከኋላው ይደርሳል።

አገሩ የሐይቅ ዳር አገር ነው። በበጋ ውሃው ሲሸሽ እርጥብ ጥቁር አፈር ትቶ ይሄዳል፤ ሰዉም በዚያ ላይ ሽምብራ ይዘራል። ከዓመት ዓመት የሚያደርሰው ያው ሽምብራ ነው። ያን ዓመት ግን ቡቃያው ገና ብቅ ከማለቱ የዱር ዝይ ወረደበት። አንድ ሁለት አይደለም፤ ሰማይ የሚያጨልም መንጋ ነው። ጎህ ሲቀድ ከሐይቁ ይነሣል፣ ማሳው ላይ ያርፋል፣ ቡቃያውን ከነሥሩ እየነቀለ ይውጣል፣ ጠግቦ ሲያበቃ ደግሞ እየጮኸ ሰው ይሳደባል። በዚያ አገር የዝይ ሥጋ ነውር ነው፣ አይበላም፤ እሱ ግን የሰውን እህል ሲበላ ነውር አያውቅም። ጨርቅ ቢያውለበልቡለት፣ ቆርቆሮ ቢደበድቡለት አልበገር አለ። ዝይ አንድ ሁለት ቢወድቅበት ማሳ ይቀይራል እንጂ አይሄድም። ዳሩን ለቆ የሚሄደው ከመካከሉ ብዙ ባንድ ጊዜ ሲወድቅ ካየ ብቻ ነው።

ስለዚህ ይግረም ሰዉን ጠራ። "ነገ ማለዳ በአንድነት እንወጣለን። ዛሬ ጠመንጃና ጥይታችሁን ይዛችሁ ከግቢዬ ኑ፤ የሚሆነውን እንመርጣለን" አለ።

ወንዱ ሁሉ መጣ። ግን ምን ይዞ መጣ? አያቱ አንበሳ የገደለበትን፣ አባቱ ጎሽ የጣለበትን፣ ሰደፉ በብር የተለበጠውን ረዥም ጠመንጃ። ጥይቱ ጣት ያክላል። በየቤቱ ከበር ኋላ ሌላ ጠመንጃ ነበረ፤ አፈሙዙ ሰፊ፣ አንዴ ሲተኮስ እንደ ምስር ፍሬ ያለ እርሳስ እፍኝ ሙሉ የሚበትን። እሱን ዝንጀሮ ማባረሪያ ብለው ስለናቁት ማንም አላመጣውም። በሰው ፊት ይዞት መውጣት ያሳፍራላ!

እሱን ይዛ የመጣች ደብሪቱ ብቻ ናት። ደብሪቱ የወፍ አዳኝ ሚስት የነበረች፣ አሁን ባልቴት፣ ምላሷ ከባሏ ጠመንጃ የማይተናነስ ሴት ናት። ባለሁለት አፉን ጠመንጃ በትከሻዋ፣ የባሏን የጥይት ስልቻ በወገቧ አድርጋ ገብታ ከመካከል ቆመች። ስልቻው ጢም ብሎ የሞላ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ባሩዱንም እርሳሱንም በየቀለሁ እየሞላች ያስቀመጠችው ራሷ ናት።

"ልጆቼ" አለች፤ "ይህን የጎሽ መድፍ ወደየመጣበት መልሱት። ዝይ በራሪ ነው፤ ቆሞ አይጠብቃችሁም። አንድ ጥይት በሰማይ ላይ ክንፍ ስትፈልግ ትውላለች። ዝንጀሮ ማባረሪያውን አምጡ። የሁሉም አፈሙዝ ልኩ አንድ ነው፣ የኔ ጥይት ለሁላችሁ ይገባል። ባቄላ የሚያክለውን እርሳስ ለዝንጀሮ ተዉት፤ ለወፍ ምስር የሚያክለው ነው። ባንድ ጊዜ ከለቀቅነው እንደ መረብ ነው፣ ማለፊያ የለውም።"

ይግረም ሳቀ። "አንቺ ሴትዮ" አላት፤ አንቱታውን እንኳ ነፈጋት። "ሃያ ሰው ባንድ ላይ ምስር ሲተፋ፣ የወደቀውን ማን ጣለው ሊባል ነው?"

"ወደቀ ይባላል።"

"ማን ጣለው ነው ያልኩሽ!"

የዚያ አገር ወግ ነው፤ ግዳይ የጣለ ሰው ላባውን ራሱ ላይ ሰክቶ እየፎከረ ይገባል፣ ስሙም በየሰርጉ ይዘፈናል። አንድ ጥይት አንድ ቀዳዳ፣ አንድ ቀዳዳ አንድ ስም። በተበተነ እርሳስ የወደቀ ወፍ ግን የማን እንደሆነ አይታወቅም። ወንዶቹ የጎሽ ጠመንጃ የመረጡት ለዚህ ነው። ዝይውን አስበው አልነበረም፤ ስማቸውን አስበው ነው።

"ሽምብራው ማን እንዳዳነው አይጠይቅም" አለች ደብሪቱ። "አንተ ክረምቱን ዘፈን ስትቆረጥም ትከርም ይሆናል። እኔ ለሱ የሚሆን ጥርስ የለኝም።"

ሰዉ ሊስቅ ሲል ይግረም ቀደመው። ስልቻውን ከወገቧ መንጭቆ ከብት በሚያጠጡበት ገንዳ ሥር ባለው ጭቃ ላይ ዘረገፈው። "ይህ ምስር ለወጥ ነው። ሂጂና ወጥሽን ሥሪ!"

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ደብሪቱ ጎንበስ ብላ ጥይቷን አንድ በአንድ ለቀመች። አንዳርጌ የሚባለው ጎረቤቷ አንዷን ሊያነሣላት ዝቅ አለ፤ ዓይን ሲበዛበት ግን ጫማውን ያሰረ መስሎ ቀና አለ። ከሰደባት ሰው ይልቅ ይህ ቆረጣት።

በነጋታው ማለዳ አዳኞቹ ወጡ። ደብሪቱ የረጠበ ጥይቷን ፀሐይ እንዲያገኘው ሰፌድ ላይ አስጥታ፣ ሁለት ደረቅ ጥይት በጠመንጃዋ አጉርሳ፣ ከማሳዋ ዳር ተቀምጣ ታያለች። መንጋው ተነሣ። ጠመንጃው ሁሉ በየራሱ ሰዓት አጓራ። ሰማዩ ሰፊ፣ ጥይቱ ቀጭን! ከዚያ ሁሉ ጩኸት አንዲት ዝይ ወደቀች፤ እሷንም ይግረምና አንድ ሌላ አዳኝ "የኔ ናት!" "ምን ሲደረግ!" እየተባባሉ አንዱ በአንገቷ አንዱ በእግሯ ይጎትቷት ጀመር። የጎሽ ጥይት ደግሞ ወፍ ስቶ እዚያው አይቀርም። አንዱ ሐይቁን አቋርጦ ሄዶ የዓሣ አጥማጅ ታንኳ አፍንጫ ቆርጦ ጣለ። አጥማጁ ወገቡ ድረስ ረጥቦ፣ መቅዘፊያውን እንደያዘ፣ እየተንቦራጨቀ መጣባቸው።

"እስቲ ላባዬን አሳዩኝ!" አለ። "የት ጋ ነው ዝይ የመሰልኳችሁ?"

ደብሪቱ ሳቀች። እግዜር ይቅር ይበላት፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ግን ጥላ አለፈባት። ከወዲያ የተባረረው መንጋ ዞሮ የሷው ሽምብራ ላይ አረፈ። ብድግ ብላ ሁለቱንም አፍ አከታትላ ለቀቀችው፤ ሦስት ዝይ ወደቀ። የቀረው ወደ አንዳርጌ ማሳ ተሻገረ። ከሰፌዱ ላይ የደረቀውን እየመረጠች፣ እያጎረሰች ወደዚያ ስትሮጥ ወደ ይግረም ማሳ አለፈ፤ ከዚያም ተመልሶ ወደሷ። ዳሩ ረዥም ነው፣ እሷ አንድ ናት። ፀሐይ ሲበረታ እኩሌታው ማሳዋ ባዶ ሆኖ አየችው። እውነቱ የሷ ነበር፤ እውነቱ ግን አንዲት ቡቃያ አላተረፈላትም።

ከቀትር በኋላ አንዳርጌ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መጣ።

"እንደምን ዋሉ፣ እመት።"

"ጫማህን አስረህ ጨረስክ?"

አንገቱን ደፋ። "ይገባኛል። ግን ዝንጀሮ ማባረሪያው በየቤታችን አለ፤ ለወፍ የሚሆን ጥይት ነው ያጣን። የቀረው ቡቃያ ከነገ አያልፍም። ይስጡን፣ እመት።"

"አለቃህ ይምጣና እንደኔ ከጭቃ ይልቀም።"

"እሱማ አይመጣም። አፍሯል።"

"ይፈር! እኔ በሃያ ሰው ፊት አላፈርኩም? ለሱ ሲሆን ነው እፍረት የሚከብደው?"

"ይፈር" አለ አንዳርጌ። "ሽምብራው ግን ምን አጠፋ?"

ደብሪቱ ሰፌዱን ወደሷ ሳበችና ጥይቱን ታገላብጥ ጀመር። አንዳርጌ ከሄደ በኋላ ሰፌዱን ታቅፋ ብዙ ተቀመጠች። ይግረም ስሙ እንዲዘፈን ጠመንጃ መረጠ። እሷ ደግሞ ውርደቷ እንዲካስ ጥይት ይዛ ቁጭ ብላለች። ዝይው የሁለቱንም ኩራት እኩል በልቶ ጠግቧል።

ነገሩን ላሳጥረው። ዛሬ በዚያ ሐይቅ ዳር ሽምብራ ይታጨዳል፤ ዝይውም በማዶ፣ ሰው በማያርሰው ደንገል ውስጥ ጫጩቱን ያሳድጋል። ያን መንጋ ማን መለሰው ብላችሁ የአገሩን ሰው ብትጠይቁ "ተመለሰ" ይሏችኋል እንጂ የአንድ ሰው ስም አይጠሩላችሁም። ምክሩም ይኸው ነው። መሣሪያ ስትመርጥ ሥራውን አይተህ ምረጥ፣ ስምህን አይተህ አትምረጥ። ከሰው ጋር ስትወጣ ጥይትህ ለጎረቤትህም ጠመንጃ የሚገባ ይሁን። ደግሞም እውነት የያዝክ ሰው፣ አንተም ብዙ አትኮፈስ፤ ለብቻ የያዙት እውነት ስልቻ ውስጥ የቀረ ጥይት ነው፣ አንድ ወፍ አይጥልም። አንባቢዬ፣ የበደለህን ሰው ማሳና ያንተን ማሳ አንድ መንጋ ሲበላው፣ ስልቻህን ትፈታለህ ወይስ ታጠብቃለህ?

ደብሪቱ አንዳርጌ በመጣ ማግሥት ጎህ ሳይቀድ የደረቀውን ጥይት ስልቻ ሙሉ ይዛ ከይግረም ደጅ ቆመች። "ውጣ፣ ዝይው ሊነሣ ነው!" ብላ ተጣራች። ይግረም ዝንጀሮ ማባረሪያውን በጋቢው ሸፍኖ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ወጣ። "እመት... እርስዎን..." ብሎ ጀመረ። ደብሪቱ አልሰደበችውም፤ እሷን ለሚያውቅ ይህ ብቻውን ተአምር ነው። "እጅህን ዘርጋ" አለችው፤ ስልቻውንም ፈትታ የመጀመሪያውን እፍኝ ምስር ከሰው ሁሉ አስቀድማ ለእሱ ሰፈረችለት።