ሽታ የሠራው ድንበር

ጥርኝ ቂጡን ድንጋይ ላይ ይፈትጋል። ፈተግ ፈተግ፣ ከዚያ ዞር ብሎ ያሸትና «ይበቃል» ብሎ ወደሚቀጥለው ድንጋይ። ነገሩ የድሮ ነው፤ ድንጋይ ሁሉ ገና የማንም ባልነበረበት ዘመን፣ ስሟን ንፋስ በወሰደባት አንዲት አገር። የአገሪቱ ሾላ ከላይ ዳገቱ ላይ፣ ምንጯ ደግሞ ከታች መስኩ ላይ ነበር። የላይኞቹ እነ ሚዳቋ ወርደው ይጠጣሉ፤ የታችኞቹ እነ ከርከሮ ወጥተው የረገፈ ሾላ ይለቅማሉ። መንገድ ላይ ሲገናኙ «እንደምን ዋልሽ፣ እንደምን ዋልክ» ተባብለው ያልፋሉ።

ጥርኝን ያንገበገበው ይኼ ነው። ሾላ ለሱ ነፍሱ ነው፤ ከርከሮ አንዴ አፉን ከከፈተ ደግሞ ለማንም አይተርፍም።

ፈትጎ ፈትጎ ሲጨርስ ዳገቱና መስኩ መሃል ያለው ድንጋይ በሙሉ ዝባድ ዝባድ ሸተተ። ለዓይን ምንም የለም፤ ለአፍንጫ ግን ግንብ ነው። በእንስሳቱ ደንብ ደግሞ ሽታ ያረፈበትን ድንጋይ ባለቤቱ ሳይፈቅድ መሻገር ነውር ነው። ጥርኝ ኮሰረት ውስጥ ተንከባሎ የራሱን ሽታ ሸፈነና ወደ መስኩ ወረደ።

«አያ ከርከሮ፣ የላይኞቹ ድንበር አሰመሩባችሁ።»

«ምን አርገን?»

«ጭቃችሁን ይዛችሁ እየመጣችሁ ሾላውን አቆሸሻችሁባቸው አሉ። እኔ ምናገባኝ፣ ተላላኪ ነኝ!»

ከርከሮ ሄዶ አሸተተ። እውነት ነው። ጭራውን ቀጥ አድርጎ ተመለሰ። «ሾላቸውን ይታቀፉት! ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልረግጠውም!»

ጥርኝ ሽቅብ ወጣ።

«እመት ሚዳቋ፣ የታችኞቹ ድንበር አሰመሩባችሁ።»

«ውይ! ምን በድለን?»

«ሰኮናችሁ ምንጩን አደፈረሰው አሉ። እኔ ምናገባኝ፣ ተላላኪ ነኝ!»

እሷም ሄዳ አሸተተች። እሷም ተመለሰች።

ከዚያ ወዲያ ጥርኝ ከታች እየጠጣ፣ ከላይ እየበላ ሆዱ መሬት ነካ። ሚዳቋ ጠል እየላሰች ከረመች፤ ጡቷም ነጠፈ። ከርከሮ ተንበርክኮ ሥር ሲምስ ዋለ። ትናንት እንደምን ዋልሽ ሲባባሉ የነበሩት ዛሬ በሩቁ ተያዩና «እነዚያ» ተባባሉ።

አንድ ቀን ሚዳቋ መንገድ ጠብቃ ያዘችው። «አያ ጥርኝ፣ ተላላኪ ነኝ ብለህ የለ? እስቲ ተላክልኝ። ልጄ ምላሷ ደርቋል። ለሷ ብቻ ይፍቀዱላት።»

ወረደ፤ ለማንም ሳይናገር እስኪበቃው ጠጣና ጢሙ እንደራሰ ተመለሰ። «እምቢ አሉ» አላት። ግልገሏን ሲያይ ትንሽ ቆጠቆጠው። ሾላው ግን በስሎ ነበር።

በጋው ጠና። ፀሐይ የድንጋዮቹን ሽታ ልሳ ጨረሰችው። ጥርኝ ይኼን ሲያውቅ ደንግጦ ነበር፤ ግን ቢጠብቅ ቢጠብቅ የሚሻገር የለም። ድንጋዩ ረስቷል፣ እነሱ አልረሱም። ሳቁ መጣ። «ድንበሩ ያለ ሽታ ከቆመ እኔን በኮሰረት ምን ያንከባልለኛል?» ብሎ እንዲሁ ወደ ምንጩ ወረደ።

አንዲት አሮጊት ኤሊ ውሃው ዳር ተቀምጣለች። አንገቷን መዘዝ አደረገች።

«የኔ ልጅ፣ እስቲ ቀረብ በል። ዓይኔ ደክሟል፣ አፍንጫዬ ግን አልደከመም።»

«ምነው እማማ ኤሊ?»

«ያ ድንጋይ ላይ የነበረው ሽታ... ካንተ ነው እንዴ የሚመጣው?»

ከርከሮ መጣና አፍንጫውን የጥርኝ ጎን ላይ ሰካ። «እናንተዬ! ድንበሩ በእግሩ መጣ!»

ጥርኝ ሽቅብ ተፈተለከ። ከርከሮ ተከትሎት ድንጋዮቹ ጋ ሲደርስ እግሩ ለምዶ ቀጥ አለ። ከወዲያ ማዶ ሚዳቋ ቆማለች።

«እመት ሚዳቋ! ያዢና አሽቺው!»

መንገዱን ዘግታ አሸተተችው። ያው የድንጋዩ ሽታ ነው።

«አያ ከርከሮ፣ እኛኮ ጭቃችሁን ጠልተን አናውቅም።»

«እኛስ ሰኮናችሁን መች ምን አልን?»

ሚዳቋ ሰኮናዋን አነሳች። ሽታ እንደሌለ እያወቀች እንኳ አንዴ ወደኋላ መለሰችው። ከዚያ ድንጋዩን ረገጠችው፤ ምንም አልሆነችም። ልጇን አስከትላ ወደ ምንጩ ወረደች፤ ከርከሮም ወደ ሾላው ወጣ።

ሲመሽ ጥርኝ ወደ ዋሻው ሊገባ ዳገቱን ጀመረ።

«ወዴት ነው?» አለችው ሚዳቋ። «አንተ የታችኞቹ ነህ።»

ወደ መስኩ ዞረ።

«ወዴት ነው?» አለው ከርከሮ። «አንተ የላይኞቹ ነህ።»

መሃል ላይ ቆመ። ኤሊ ሾላ አምሯት በዚያው በኩል ቀስ እያለች ትወጣ ነበር።

«እማማ ኤሊ፣ እና እኔ የት ልደር?»

ኤሊ ዞርም አላለች። ድንጋዩን እየተሻገረች መለሰችለት፦

«በጎረቤት መሃል ወሰን ያሰመረ፣ ሲመሽ ወሰኑ ላይ አደረ።»