ወንድሞቹን የካደው የእንጨት አውራ ዶሮ

ተረት ሊወራ ነውና ያዛጋው ይተኛ፣ ያስነጠሰው ይማርህ ይባል፤ የቀረው ጠጋ ጠጋ ይበል። እኔ እንደሆንኩ የማውቀው ተረት አንድ ነው፤ እሱንም ከእንጨት ነው የተማርኩት። "ከእንጨት ምን ተምረህ ነው?" የሚል ካለ፣ ሚስቴም እንደዚያው ትላለች።

ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው፣ ሰውም ዕቃን የሚሰማበት ጆሮ በነበረው ዘመን፣ ግንብ በከበባት በአንዲት ከተማ አንድ ሙዚየም ነበር። የድሮ ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች መሣሪያ የሚቀመጥበት ቤት ነው። መቃ ብዕር ነበረ፤ ቀለም ቀንድ ነበረች፤ የቀለም መፍጫ ድንጋይ ነበረ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ የጨርቅ ማተሚያ እንጨት ነበረ። "ከሁሉ በላይ" ያልኩት እሱ ስለሚል ነው እንጂ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ ነው የነበረው።

ይህ እንጨት ፊቱ ላይ አውራ ዶሮ ተቀርጾበታል። በድሮ ጊዜ ቀለም ውስጥ ይነክሩትና ጨርቅ ላይ አሳርፈው ጀርባውን በቡጢ ይሉታል፤ ሲነሣ ዶሮው ጨርቁ ላይ ቆሞ ይቀራል። በአራቱ ማዕዘን አራት የናስ ምስማሮች ብቅ ብቅ ብለዋል። ምስማሮቹን "ማዕረጎቼ" ይላቸዋል። ለራሱም ስም አወጣና "አውራው በሉኝ" አለ። ማን ይከራከረዋል? አውራው አሉት።

አውራው ወሬ ይወድ ነበር። ለመቃ ብዕር "ከህንድ በመርከብ መጣሁ" አለው። ለቀለም ቀንድ "ከየመን በግመል መጣሁ" አላት። ለመፍጫው ድንጋይ ደግሞ፣ ድንጋይ ምን ያውቃል ብሎ፣ "ከኖኅ መርከብ ነው የወረድኩት" አለው። ድንጋዩ ከኖኅም በፊት የነበረ ስለሆነ ዝም አለ።

ዛሬ አውራው ይህን ሲያወራ ራሱ ይስቃል። "እኔ ቀጣፊ!" ይላል። "የመጣሁት ከገበያው ጀርባ ነው። የተጠረብኩት ከወደቀ ዋንዛ ነው። አገር በማየት ከሆነ፣ ተሸክማ ያመጣችኝ አህያ ከእኔ ትበልጣለች።"

የሙዚየሙ ጠባቂ ጋሽ ድልነሳሁ ይባላሉ። ጉልበታቸው ደክሟል፣ ቃላቸው ግን አይደክምም። ደንባቸውም አንድ ነው፤ ዕቃ ሁሉ ዋስ ይጠራል። "እኔ አውቀዋለሁ፣ ሥራው ይህ ነበር" ብሎ የሚመሰክርለት ሌላ ዕቃ ያገኘ፣ ስሙ በካርድ ይጻፍለትና መስታወት ሣጥን ውስጥ ይገባል። ዋስ ያጣ፣ ሙዚየሙ በሚመረቅበት ቀን ለድግሱ ማገዶ ይሆናል።

"ቤቱ ጠባብ ነው" ይሉ ነበር ጋሽ ድልነሳሁ፣ "ስሙን የማላውቀውን ሁሉ ልቀልብ አልችልም።"

መቃ ብዕር ለቀለም ቀንድ ዋስ ሆነ። ቀለም ቀንድ ለመቃ ብዕር ዋስ ሆነች። ለአውራውም ቢሆን ዋስ የሆነችው እሷው ናት። "አላውቀውም" አለች፣ "ግን ዶሮነቱ ፊቱ ላይ አለ፤ እንጨት መሆኑንም ንግግሩ ይነግራችኋል።" ሁሉም ሳቁ። አውራው ተመሰገንኩ ብሎ አብሮ ሳቀ።

አንድ ቀን ታዲያ ጋሽ ድልነሳሁ ከአሮጌ ጆንያ ውስጥ ሌሎች ሁለት እንጨቶች አወጡ። ትልቁ ፊቱ ላይ ድንች የመሰለ እብጠት ብቻ አለው። ትንሹ ደግሞ የተገመጠ ቂጣ ይመስላል። ቅርጽ የላቸውም፣ መልክ የላቸውም፤ ሁለት ጉማጆች ናቸው።

"እናንተስ ምንድን ናችሁ?" አሉ ጋሽ ድልነሳሁ። "ዋስ ጥሩ!"

ትልቁ ጉማጅ ዞር ዞር ብሎ አየና አውራውን ሲያይ ደስታው ወሰን አጣ። "ዋሳችን ያ ነው! ወንድማችን ነው! ከአንድ ግንድ ነው የወጣነው!"

ጋሽ ድልነሳሁ ወደ አውራው ዞሩ። "ታውቃቸዋለህ?"

አውራው ያውቃቸዋል። በአንድ ቤት የጠጡት የቀለም ሽታ ከሩቅ ይሸተዋል። ግን መቃ ብዕር በአንድ በኩል፣ ቀለም ቀንድ በሌላ በኩል ሆነው እያዩት ነው። የህንዱ መርከብስ? የየመኑ ግመልስ? ከኖኅ መርከብ የወረደ ሰው እንዴት ብሎ ድንች ወንድሜ ነው ይላል?

"አይቻቸውም አላውቅ" አለ።

ሳምንት አለፈ። ጋሽ ድልነሳሁ ሁለተኛ ጠየቁት። አሁን ትንሹ ጉማጅ ቀደም ብሎ ተናገረ። "ወንድምዓለም፣ ረሳኸን እንዴ? ጠራቢያችን ተሳስቶ ክንፍህን በመሮ ሲሰነጥቅህ ስታለቅስ፣ አብረንህ አላለቀስንም? ስንጥቁን በሙጫ የደፈኑልህ ቀን..."

"ምን ሙጫ!" ጮኸ አውራው። ክንፉ ላይ ያለችውን የሙጫ ነገር እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም አያውቅም ነበር። "ጋሼ፣ እነዚህ ስም አጥፊዎች ናቸው! አላውቃቸውም ብያለሁ አላውቃቸውም!"

የምረቃው ቀን ደረሰ። ጠዋት ላይ፣ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ወጥ ቤቷ ጠጅቱ ማድ ቤት ሆና "ማገዶ!" እያለች ስትጣራ፣ ጋሽ ድልነሳሁ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ።

"ልጄ፣ የመጨረሻ ነው። ታውቃቸዋለህ ወይስ አታውቃቸውም?"

አውራው አፉን ሊከፍት ፈልጎ ነበር። ይላል ዛሬ። ግን ሁለት ጊዜ ክዶ ሦስተኛው ላይ አውቃቸዋለሁ ቢል ምን ሊባል ነው? ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነበት። "የበር መቀርቀሪያ ስባሪ ይመስሉኛል" አለ።

አንዱ ሦስት ጊዜ ሲክድ የሚጮህ ዶሮ ነበረ ይባላል። በእኛ ተረት ካጁም ራሱ፣ ዶሮውም ራሱ ነው፤ ማን ይጩህለት? አትፍረዱበት ደግሞ። እኔም አንድ ሠርግ ላይ፣ ኮቱ ስላረጀ ብቻ የአክስቴን ልጅ "ጎረቤቴ ነው" ብዬ አስተዋውቄዋለሁ። እሱ ግን ያን ቀን ሥጋ ከፊቱ እያነሣ ሲያጎርሰኝ ነው የዋለው።

ጋሽ ድልነሳሁ ሁለቱን ጉማጆች ከሌላው ማገዶ ጋር ታቀፏቸው። ትንሹ ከክንዳቸው ላይ አንገቱን ቀና አድርጎ "ደህና ሁን ወንድምዓለም" አለው።  አውራው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ምረቃው ተጀመረ። እንግዳው ሞላ። በድሮው ሙያ ከቀሩት ጨርቅ አታሚዎች አንዷ፣ እትዬ ወሰንየለሽ፣ ለእንግዳው ሊያሳዩ ተጠርተው መጡ። ነጭ አቡጀዲ ዘረጉ፣ ቀለም በጠበጡ፣ አውራውን ከመስታወቱ አስወጡት።

"ብቻህን ነህ?" አሉት።

"ብቻዬን ነኝ፤ እኔ ብቻዬን እበቃለሁ።"

"እንግዲያው እሺ" አሉ እትዬ ወሰንየለሽ። ቀለም ውስጥ ነከሩት፣ አሳረፉት፣ በቡጢ አሉት። ሲያነሡት፣ ጨርቁ ላይ ጠርዝ ብቻ የሆነ ነገር ወጣ። ላባ የለው፣ ቀለም የለው፣ ራሱ መላጣ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለ አንድ እንግዳ። "የተነጨ ነው እንዴ?"

"ቀለሙ ነው!" አለ አውራው። "ቀለሙ ቀጥኗል።"

እትዬ ወሰንየለሽ ቀለሙን አወፈሩ። መቱት። ያው የተነጨ ዶሮ ሁለት ሆነ።

"ጨርቁ ነው! ጨርቁ ሻካራ ነው።"

ጨርቅ ለወጡ። መቱት። የተነጨው ዶሮ ሦስት ሆነ። አንዲት እንግዳ "በርበሬና ሽንኩርት አምጡለት እንጂ!" አለችና ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ።

"እጅዎ ነው!" አለ አውራው። ድምፁ ተሰብሯል። "እጅዎ አርጅቷል እትዬ!"

ሳቁ ቀጥ አለ። እትዬ ወሰንየለሽ ግን አልተቆጡም። አገላብጠው አዩትና ጣታቸውን ምስማሩ ላይ አሳረፉ። "ይህ ምንድን ነው?"

"ማ... ማዕረጌ ነው።"

"አይ አንተ ሞኝ! ይህ እኮ የወንድሞችህ ቦታ ነው። አንተ መጀመሪያ ትወርድና ጨርቁ ላይ አራት ነጥብ ትተዋለህ። ወንድምህ ነጥቡን እያየ መጥቶ ቢጫውን ገላህን ያትማል። ሌላው መጥቶ ቀዩን ጉትዬህን ያትማል። ብቻውን የሚበቃማ ቢሆን ማን ምስማር ይመታለታል? የት አሉ ወንድሞችህ?"

 ጋሽ ድልነሳሁ ከእንግዳው መካከል ወጥተው ቆሙ። ከማድ ቤት ጭስ ይታያል።

አውራው ያን ጊዜ ምን እንደተሰማው እንዲህ ብሎ ነው የነገረኝ። "አፍሬ ነበር ብልህ ውሸት ነው። ማፈርስ ከጠዋት ጀምሮ ነው። ያን ጊዜ የተሰማኝ ፍርሃት ነው። ለራሴ አይደለም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሌላ ሰው ፈራሁ።"

"ጋሼ!" ብሎ ጮኸ፣ እውነተኛ ዶሮ እንኳ እንዲያ አይጮህም። "አውቃቸዋለሁ! ወንድሞቼ ናቸው! ሦስት ጊዜ ዋሽቼዎታለሁ! ዋሳቸው እኔ ነኝ! ክንፌም ላይ ሙጫ አለ! ህንድም የመንም አላውቅ! አውጡልኝ፣ ስለ ፈጣሪ አውጡልኝ!"

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አለ መቃ ብዕር ከመስታወቱ ውስጥ።

ጋሽ ድልነሳሁ ሊሮጡ ቢሉ ጉልበታቸው እንቢ አለ። ከመደርደሪያው ሥር የምትኖረው አይጥ ግን "እኔ ልሂድ!" ብላ በእንግዳው እግር መካከል ተፈተለከች። ማድ ቤት ገብታ "አታንድጂው! አታንድጂው!" ስትል ጠጅቱ "ኡኡ! አይጥ!" ብላ በርጩማ ላይ ወጣች። አይጧ ከበርጩማው ሥር ቆማ ስለ ወንድማማቾቹ እስክታስረዳ ጊዜ ሄደ። ጠጅቱ በመጨረሻ ሲገባት ወርዳ እጇን እሳቱ ውስጥ ሰደደች።

ትልቁ ጉማጅ ጠርዙ ከስሎ ወጣ። ትንሹ ፍም ሆኖ ነበር።

ትልቁን አምጥተው ከአውራው አጠገብ አኖሩት።  አውራው "ትንሹ ምን አለ?" ብሎ ጠየቀ። "ሰደበኝ? ረገመኝ? ንገረኝ፣ ይገባኛል።"

"አይ" አለ ትልቁ። "እሳቱ ሲይዘው 'ወንድማችን ይመጣል፣ ትንሽ ታገሥ' እያለ እኔን ሲያጽናናኝ ነበር።"

አውራው አለቀሰ። እንጨት ሲያለቅስ ሙጫ ነው የሚያወጣው፤ እንግዳው ሁሉ አየው። በዚያ ቀን የሳቀበት ሰው አልነበረም።

እትዬ ወሰንየለሽ እንደገና አቡጀዲ ዘረጉ። መጀመሪያ አውራው ወረደ፣ አራት ነጥብ ትቶ ተነሣ። ከዚያ ትልቁ ነጥቡ ላይ ተቀመጠ። ዶሮው ቢጫ ገላ አበጀ፣ ደረቱ ሞላ፣ ክንፉ ደመቀ። ራሱ ግን መላጣ እንደሆነ ቀረ።

"አይዞህ" አሉት እትዬ ወሰንየለሽ። "ዋንዛ አላጣም፣ መሮም አላጣም። ጉትዬህን በሁለት ቀን ጠርቤ አመጣልሃለሁ።"

"አይ እትዬ፣ ይተዉት" አለ አውራው። "ሌላ ጉትዬ ካደረግሁ፣ አራተኛ ጊዜ ካድኩት ማለት ነው።"

ጋሽ ድልነሳሁ አዲስ ካርድ አስጻፉ። ካርዱ ላይ የሦስት ወንድማማቾች ስም አለ፤ መስታወቱ ውስጥ ሁለት እንጨትና አንድ ባዶ ቦታ አለ። ጎብኚ መጥቶ "ይሄ ዶሮ ጉትዬው የት ሄደ?" ሲል፣ ጠባቂው ሳይቀድሙት አውራው ራሱ ይመልሳል። ስለ መርከቡ ይናገራል፣ ስለ ግመሉ ይናገራል፣ "የዓለም አንደኛ ሞኝ እኔ ነኝ" ብሎ ሰውን ያስቃል። ስለ ትንሹ ሲደርስ ግን ቀልዱን ይተዋል።

እኔም ከመስታወቱ ፊት ቆሜ ስሰማው ውዬ፣ ማታ የአክስቴን ልጅ ቤት አንኳኳሁ። ኮቱ ያው ነው። "ግባ፣ ጎረቤቴ!" አለኝ። ሳቀ፣ እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

እነሆ ተረቴ አለቀ፤ የወደደው ይያዘው፣ የጠላው ለጎረቤቱ ያቀብለው። አውራው ግን እንዲህ ይላል፦

ወንድሙን "አላውቅም" ያለ፣ ጎዶሎውን ተሸክሞ ዋለ።